ስለ ወንድሜ የጉበት ንቅለ ተከላ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ ሐኪሞችና በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ቤተሰቦች፣

በሄፓታይተስ ቢ ሳቢያ ጉበቱ የተጎዳው የ52 ዓመት ታላቅ ወንድሜ፣ ከታናሽ እኅታችን የጉበት ክፍል ለመቀበል ደልሂ ተኝቶ ቀኑን እየተጠባበቀ ነው። የጉበት ሕመም ምን ያህል እንደከፋ የሚያሳየው (ሲጨምር ሕመሙ ብሷል ማለት ነው) የሚልድ (MELD) ውጤቱ 28 ነው። ትናንት ሐኪሙ በወረቀት ጥግ ላይ አስልቶ እንዳሳየን፣ የሚወሰደው የቀኝ ክፍል 560 ግራም ገደማ፣ የወንድሜ ክብደት ደግሞ 74 ኪሎ በመሆኑ ጥምርታው 0.76 በመቶ ሲሆን፣ በተለምዶ የሚፈለገው ግን ቢያንስ 0.8 ነው። ይህ ክብደት ሆዱ የቋጠረውን ውኃም ስለሚጨምር ስሌቱ ውኃው ተቀንሶ መሠራት የለበትምን?

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕይወት ከሚቀጥፉት መካከል ኢንፌክሽን፣ የጉበት ደም ቧንቧ መዘጋትና የተሰጠው ጉበት ማነስ እንደሚገኙበት ተረድቻለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ የሆዱ ውኃ ኢንፌክሽን ይዞ አሁን በመድኃኒት ላይ ስለሆነ፣ እስኪጠራ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ሚልዱ እየጨመረ መዘግየቱ ይብስበታል? ሐኪሞቹን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?