የእኩልነት ፖሊሲ አለን፤ የሚመረጠው ግን ያው ሰው ነው። ከየት ልጀምር?

መድረክ ጀርባ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ተውኔትና የሥዕል ዐውደ ርዕይ የሚያቀርብ መካከለኛ ተቋም ነው የምመራው። ቦርዱ ያጸደቀው የእኩልነትና የብዝኃነት ፖሊሲ አለን። ሆኖም በየወቅቱ ሥራ የሚሰጣቸው አዘጋጆችና ሠዓሊዎች ክበባቸው አልሰፋም። ሴቶች የሚበዙት በአልባሳትና በአስተዳደር ክፍል ነው፤ አካል ጉዳተኛ ባለሙያ ደግሞ መድረክ ላይም ከመድረክ ጀርባም የለም ማለት ይቻላል። አሁን ቦርዱ ለሁሉም ሠራተኛ የአንድ ቀን ሥልጠና እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። ሥልጠናው ይጠቅማል? ካልጠቀመ መጀመሪያ ምን ልንካ? «ጥራት ይወርዳል» ለሚሉትስ ምን ልመልስ?

ብሩሽ

ሥልጠናውን ለጊዜው ያቆዩት። ሰው ሥልጠና ወስዶ ወደ ድሮው አሠራር ከተመለሰ የሚያሸንፈው አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ያለፉትን ሁለት ወቅቶች ሥራዎች በሙሉ በአንድ ሰንጠረዥ ያስፍሩ፦ የተመረጠውን ሰው ስም መጀመሪያ ያነሣው ማን ነው? የወሰነውስ? ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር? ክፍያው ስንት ነው? ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት ትልልቆቹ ሥራዎች በስልክ ጥሪና በትውውቅ መሰጠታቸው፣ ለውድድር ክፍት የሆኑት ደግሞ ትንንሾቹ መሆናቸው ነው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ፖሊሲው የሚሠራው በጣም ጥቂት ገንዘብ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ግልጽ ጥሪ ያውጡ፤ አወጣጡ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጥሪው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ክፍት ይሁን፤ በሁለት ሳምንት የሚዘጋ ጥሪ የሚደርሰው አስቀድመው ለሚያውቁት ነው። የክፍያው መጠን በጥሪው ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያው ዙር ቀላል ይሁን፤ አንድ ገጽ ወይም ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ ወይም የቪዲዮ ቅጂ ይበቃል። ዝርዝር ዕቅድ የሚጠይቁት ለሁለተኛው ዙር ያለፉትን ብቻ ነው፤ እነሱንም ለዕቅዱ ዝግጅት ይክፈሏቸው። ሃያ ገጽ በነጻ መጻፍ የሚችለው ሌላ የገቢ ምንጭ ያለው ሰው ነውና።

መስፈርቶቹ ከአራት ወይም ከአምስት አይብለጡ፤ የእያንዳንዱ ክብደትም ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ይወሰን። «ለተቋማችን የሚመጥን» የሚለውን ይሰርዙት፤ ትርጉም ስለሌለው ማንም የፈለገውን ይሞላበታል። ገምጋሚዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ሆነው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ያስረክቡ፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከተወያዩ አንጋፋው ያለው ሁሉንም ይጎትታል። ከአምስት በሚሰጥ ነጥብ በሁለት ገምጋሚዎች መካከል የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ያለባቸውን ማመልከቻዎች ብቻ በዝርዝር ይነጋገሩባቸው። እርስዎ እንደ መሪ የመጨረሻው ተናጋሪ ይሁኑ። ሥልጠና ከተፈለገ ቦታው እዚህ ነው፦ ለገምጋሚዎች፣ ነጥብ መስጠት ሊጀምሩ ሲሉ፣ ሁለት ሰዓት፣ በእውነተኛ ናሙና ማመልከቻ ላይ።

ለ«ጥራት ይወርዳል» የሚሆነው መልስም ከዚሁ ይወጣል። ያ ክርክር የሚቆመው የቀድሞዎቹ ምርጫዎች በጥራት ተመዝነው ነበር በሚል ግምት ላይ ነው። በጽሑፍ የሰፈረ መስፈርትም ሆነ ነጥብ ካልነበረ ጥራት አልተለካም። አዲሱ አሠራር ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥራት ያወዳድራል ብለው ይጻፉ፤ ሰንጠረዡንም አያይዙ።

ቫዮላ

ብሩሽ ያለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ስም ደብቆ መምረጥን ብዙዎች እንደ ሁሉን ፈቺ መድኃኒት ያዩታልና። በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ተፈታኙን በመጋረጃ ጋርዶ ሙዚቃውን ብቻ መስማት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋ፤ የቦስተን ሲምፎኒ በ1952 ሞክሮት ነበር። የጫማ ድምፅ ጾታን እንዳያጋልጥ ምንጣፍ እስከ ማንጠፍ ተደርሷል። በአገሪቱ 5 ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በ1970 ሴቶች ከ5 በመቶ በታች ነበሩ፤ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ጎልዲንና ሴሲሊያ ራውስ በ2000 በዚሁ ላይ ጥናታቸውን ሲያወጡ 25 በመቶ ደርሰው ነበር። ከጭማሪው ምን ያህሉ የመጋረጃው ውጤት ነው የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። በሌላ በኩል የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው በ1997 ነው፤ ያ የአባላቱ ውሳኔ እንጂ የፈተና ስልት ጉዳይ አልነበረም።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው። መጋረጃ የሚሠራው ሁሉም ተፈታኝ ያንኑ ቁራጭ ሲጫወትና የሚመዘነውም እሱ ብቻ ሲሆን ነው። የሠዓሊ ወይም የአዘጋጅ ማመልከቻ ግን ከማንነትና ከሥራ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ስሙን ቢሸፍኑት የትምህርት ቤቱና የቀድሞ ትዕይንቶቹ ዝርዝር ማን እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ስምንም የሥራ ታሪክንም አስወግደው ሐሳቡን ብቻ ያስነብቡ፤ የሥራ ታሪክ በሁለተኛው ዙር ይታይ። በተጨማሪም መጋረጃ ፈተናው ላይ ያልደረሰውን ሰው አይረዳም። መሣሪያ ለመግዛትና ለረጅም ዓመታት ለመማር አቅም ያጣው ከበሩ ውጭ ቀርቷል።

መዝገብ ያዥ

እኔ ወደ በጀቱ ልውሰዳችሁ፤ የመሪ ቁርጠኝነት ያለ ማስመሰል የሚታየው እዚያ ነውና።

ለእያንዳንዱ ዝግጅት የተደራሽነት ወጪ ከመጀመሪያው ረቂቅ በጀት ጀምሮ የራሱ መስመር ይኑረው። ከመጠባበቂያ ይከፈላል ከተባለ መጠባበቂያው ለመብራትና ለመድረክ ግንባታ አልቆ ይጠብቃችኋል። በመስመሩ ውስጥ የሚገባው፦ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ (ለረጅም ልምምድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየተፈራረቁ ካልሠሩ ትርጉሙ ጥራቱን ያጣል)፣ የጽሑፍ መግለጫ፣ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ገላጭ ትረካ፣ የድጋፍ ሰጪ ሰው ክፍያና ተጨማሪ የመጓጓዣ ወጪ።

ሕንፃውን በተመለከተ የተለመደው ጉድለት ተመልካች የሚገባበት በር ብቻ መስተካከሉ ነው። በቴፕ ሜትር ከመልበሻ ክፍል እስከ መድረክ ያለውን መንገድ ይለኩ። የበሩ ክፍት ስፋት ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የተንጣለለው መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። መድረኩ አንድ ሜትር ከፍ ካለ 12 ሜትር መወጣጫ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም፤ ያን ጊዜ ሊፍት ነው መፍትሔው። ተዋናዩ መልበሻ ክፍል መድረስ ካልቻለ ግልጽ ጥሪው ለእሱ ግልጽ አይደለም።

ደመወዝ የሌለው የተለማማጅነት ቦታ ካለ ይዝጉት ወይም ይክፈሉበት። አምስት ነጻ ተለማማጅ ከመያዝ ሁለት ተከፋይ መያዝ ይሻላል፤ የነገ አዘጋጆች የሚወጡት ከነዚያ ነው። የልምምድ መርሐ ግብር ከሁለት ሳምንት በፊት ይውጣ፤ በዋዜማው የሚቀየር ሰዓት ልጅ የሚያሳድጉትን ቀድሞ ያስወጣል። ክፍያም ውሉ ሲፈረም ከፊሉ ይሰጥ። ሥራው አልቆ ሦስት ወር የሚያስጠብቅ ተቋም ቁጠባ የሌለውን ባለሙያ በጨዋ ደንብ አባሮታል።

ነጥብ በነጥብ

ልኬቱን ሳታስተካክሉ ብትሠሩ በዓመቱ መጨረሻ ክርክር ብቻ ይተርፋችኋል። በጠቅላላ ድምር አትመኑ፤ በየደረጃው ቁጠሩ። ለምሳሌ ከ100 አመልካች 40 ሴቶች ሆነው ለሁለተኛው ዙር ካለፉት 20 ውስጥ 3 ብቻ ከሆኑ ችግሩ ግምገማው ላይ ነው። ከ100 አመልካች ሴቶቹ 8 ከሆኑ ደግሞ ጥሪው አልደረሰም፤ ግምገማውን ብታስተካክሉ ብዙ ለውጥ አታዩም። ገንዘቡንም ለየብቻ ቁጠሩ። «ግማሹ አዘጋጅ ሴት ነው» ተብሎ ሴቶቹ ሁሉ በትንሿ አዳራሽ፣ በአነስተኛ በጀት ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው።

መረጃው በፈቃደኝነት፣ ሰውዬው ራሱ በሞላው ቅጽ ብቻ ይሰብሰብ፤ «መመለስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ ይኑረው፤ ለገምጋሚዎች አይታይ። ከስም ወይም ከፎቶ እየገመቱ መሙላት ክልክል ነው። ከአምስት ሰው በታች ያለበትን ቁጥር አታውጡ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ቀላል መነሻ ከፈለጋችሁ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረውን «50፡50» የተባለ አሠራር እዩ። የዝግጅት ክፍሉ ራሱ በየዕለቱ እንግዶቹን ይቆጥራል፤ የሚቆጥረውም በምርጫው ሥር ያሉትን ብቻ ነው። የዜናው ባለቤት የሆነው ባለሥልጣን አይቆጠርም፤ ተንታኙ ይቆጠራል። የራሱን ውሳኔ ብቻ ስለሚቆጥር ሰበብ አይተርፈውም።

የኦስካር አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት፣ በ2024ቱ ሽልማት ሥራ ላይ የዋለው የምርጥ ፊልም መመዘኛም ትምህርት ይሰጣል። አራት ዘርፍ አለው፤ በሁለቱ ያለፈ ያልፋል። እንዲህ ባለ ደንብ በተከፋይ ተለማማጅነትና በግብይት ክፍል ነጥቡን አሟልቶ ዋናዎቹን የፈጠራ ቦታዎች እንደነበሩ መተው ይቻላል። የእናንተን ግብ ስታወጡ ውሳኔ ሰጪ ቦታዎችን በሌላ የማይካካስ የራሳቸው መስመር አድርጓቸው።

መድረክ ጀርባ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ። አንድ የቀረኝ ቦርዱ ነው፦ አባላቱ ለረጅም ዓመታት አብረው የቆዩ ናቸው። ቅሬታ የሚመጣውም በእኔ በኩል ብቻ ነው።

ብሩሽ

ሁለቱም በመተዳደሪያ ደንብ ይስተካከላሉ። የአባልነት ዘመን ሦስት ዓመት፣ መታደስ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይወጡ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው ይቀየር። ክፍት ቦታውም በማስታወቂያ ይሞላ። አዲስ አባል ሲገባ ብቻውን የሆነ «ተወካይ» እንዳይሆን በአንድ ዙር ቢያንስ ሁለት ሰው አስገቡ፤ አንድ ሰው ስለ ወገኑ ሁሉ እንዲናገር ሲጠበቅበት ቶሎ ይደክማል፣ ይለቃልም።

ቅሬታው ግን ከዚህ ይቀድማል፤ የቦርዱን ለውጥ ሳይጠብቁ ያድርጉት። የሚከሰሰው ሰው እርስዎ ሊሆኑ ስለሚችሉ ለአንድ የቦርድ አባልና ከተቋሙ ውጭ ላለ አንድ ሰው በቀጥታ የሚደርስ አድራሻ ይኑር። በአምስት የሥራ ቀን መልስ እንደሚሰጥ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በወቅታዊ ውል የሚሠሩትም፣ ተለማማጆቹም ይህ ይሸፍናቸው። በሚቀጥለው ዝግጅት ላይ ሥራ አጣለሁ የሚል ፍርሃት የሚበረታው እነሱ ላይ ነው።