50 የሄድኩ መስሎኝ 87 ነበርኩ፤ ፍጥነቴን እንዴት ልወቅ?

ከትንሹ ወደ ትልቁ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ዓመት ሙሉ 150 ሲሲ ስነዳ ቆይቼ ከሁለት ወር በፊት ወደ 1000 ሲሲ ተሻገርኩ። ስፖርት ሞተር ነው፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ያገለገለ። ክብደቱንም ጉልበቱንም ለመድኩት። ያልለመድኩት ፍጥነቴን ነው።

የድሮዋ ሞተር ራሷ ትነግረኝ ነበር። 80 ላይ ስፖኪዮው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ 90 ላይ እጄ ይደነዝዛል፣ 100 ላይ ደግሞ ሞተሯ ነፍሷ ልትወጣ የደረሰች ይመስል ትጮሃለች። ኮንታኪሎሜትር ማየት አያስፈልገኝም ነበር። አዲሱ ምንም አይልም። 70ም ላይ ዝም፣ 130ም ላይ ዝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰፊ መንገድ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ነዳሁና ወደ መውጫው ታጠፍኩ። መውጫው ጠበብ ያለ ኩርባ አለው። ጋዙን ለቀቅኩ፣ ፍሬን ትንሽ ነካ አደረግኩ፣ በቃ 50 ገደማ ነኝ ብዬ ገባሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ የጫማዬ ጫፍ አስፋልቱን ሲፍቅ ሰማሁ። ዓይኔን ወርወር ሳደርግ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር 87 ነው! የወጣሁት ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው። ከዚያ ዳር ይዤ ቆምኩና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠበቅኩ።

«ቀስ በል» የሚለውን መልስ እናቴ ሰጥታኛለች፣ ከእናንተ አልፈልግም። ቀስ ያልኩ መስሎኝ እኮ ነው። የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ዓይኔን ቆጣሪው ላይ ሳልተክል ፍጥነቴን በምን ልወቅ?

ሁለት ጎማ፦

መጀመሪያ አንድ ነገር ላረጋጋህ፣ አንተ ጋ የተበላሸ ነገር የለም። ረጅም ሰዓት በፍጥነት ስትሄድ አእምሮ ያንን ፍጥነት ይለምደውና እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል። ከዚያ ዝቅ ስትል 80ው በእግር የምትሄድ ያህል ይሰማሃል። መኪና ነጂዎችም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከሰፊ መንገድ ስትወጣ ስሜትህን ጭራሽ አትጠይቀው። የዚያን ሰዓት ውሸታም ነው።

እኔ የማደርገው፣ የመውጫው ምልክት እንደታየኝ፣ ገና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሳለሁ ፍሬን እይዛለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ሁለት ማርሽ እቀንሳለሁ። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ቁጥር ማየት ዋጋ የለውም፣ ያኔ ዓይንህ መውጫው ላይ ነው መሆን ያለበት።

ዙር ቆጣሪ፦

ጥያቄህ «በምን ልወቅ» ስለሆነ ቀጥታ ልመልስልህ። በዙር፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በማየት።

አንድ ማርሽ ላይ እስካለህ ድረስ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ለምሳሌ በኔ ሞተር ስድስተኛ ላይ 4 ሺህ ዙር ማለት 100 ነው። 2 ሺህ ከሆነ 50፣ 6 ሺህ ከሆነ 150። ቀመሩ ይሄው ነው። ለየማርሹ አንዴ ፈትሸህ ያዘው፣ በተለይ ለሁለተኛ፣ ለሶስተኛና ለመጨረሻው። ለአንድ ሳምንት እንደ ጥናት ቁጠረው፣ ከዚያ ጆሮህ ራሱ ይይዘዋል።

ሌላው፣ ቀስ ተብሎ በሚነዳበት መንገድ ላይ በመጨረሻ ማርሽ አትሂድ። ሞተርህ ዝም ያለው እኮ አንተ ዝም ስላሰኘኸው ነው። 60 በሚባልበት ቦታ በስድስተኛ ከሄድክ ከስርህ ምንም ድምፅ የለም፣ ጋዙን በጣት ውፍረት ብትጨምር 90 ገባህ ማለት ነው፣ ሳታውቀው። ሶስተኛ ላይ ብትሆን ግን ያቺው ጭማሪ ትሰማሃለች። የሞተሩን ለውጥ በጆሮህ የምትሰማበትን ማርሽ ምረጥ። ነዳጅ ትንሽ ይበላል፣ ይብላ።

ፈጣኑ፦

ለኔ ሽጥልኝና ተገላገል 😄

ከትንሹ ወደ ትልቁ፦

@ፈጣኑ አንተ ደግሞ ሁሌ ገበያ ላይ ነህ። @ዙር ቆጣሪ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትህን ነው፣ መንደር ውስጥም በአምስተኛ ነው የምሄደው።

ጋሽ ካቴና፦

ልጄ፣ እኔ ሞተር ላይ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ሶስት ነገር ልጨምርልህ።

አንደኛ ንፋስ። የድሮዋ ሞተርህ ደረትህን ለንፋስ ሰጥታህ ነበር፣ እሱ ራሱ ቆጣሪ ነው። ይሄኛው የፊት ሽፋንና መስታወት አለው፣ አንተም ጎንበስ ትላለህ፣ ንፋሱ በላይህ ያልፋል። አልፎ አልፎ ቀና በልና ደረትህ ላይ ሲያርፍ ስማው፣ ያኔ ስንት እየሄድክ እንደነበር ይገባሃል። የጆሮ መድፈኛ የምታደርግ ከሆነ አትተወው፣ ከ100 በላይ ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ጩኸት ሲቆይ ጆሮ ይጎዳል። ግን አንድ ቆጣሪ እንደዘጋህ እወቅ፣ በሌላ ተካው።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ነው ብለሃል። የድሮው ባለቤት የካቴና ጥርስ (ካቴናው የሚዞርባቸውን ባለ ጥርስ ክቦች) ቀይሮበት እንደሆነ አጣራ። ብዙ ሞተሮች ፍጥነቱን የሚያነቡት ከካምቢዮው መውጫ ላይ ስለሆነ፣ ጥርሱ ከተቀየረ ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ትክክል አይሆንም። የፋብሪካ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ትንሽ አብልጦ ነው የሚያሳየው። አሳንሶ ካሳየህ የተነካ ነገር አለ። ስልክህ ላይ ባለው ጂፒኤስ አስተያየው፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ፍጥነቱን ሳትቀይር ለጥቂት ሰከንድ ይዘህ።

ሶስተኛው ጨዋታ ነው፣ ግን ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሱዙኪ ሀያቡሳ የተባለ ሞተሩን ከ300 በላይ የሚሄድ አድርጎ ሲያወጣ ፉክክሩ ጦዘና ብዙም ሳይቆይ አምራቾቹ 300 አካባቢ ላይ ለማቆም ተስማሙ። ለዚህ ነው ብዙ ትልልቅ ሞተሮች ላይ 299 የምታየው። አሁን አስበው፣ እስከ 300 የተከፋፈለ ባለ መርፌ ቆጣሪ ላይ በ50ና በ87 መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። በወርወርታ ዓይን አይለይም። የአንተ በቁጥር ከሆነ እድለኛ ነህ።

ከትንሹ ወደ ትልቁ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ምክር ነገ ጠዋት እሞክራለሁ። ጥርሱን ግን እንዴት ነው የማየው? ቆጥሬ?

ጋሽ ካቴና፦

አዎ ቆጥረህ። የፊቱንም የኋላውንም። መመሪያው ደብተር ላይ የፋብሪካው ቁጥር አለ፣ አስተያየው።

መምህሩ፦

ስለ 87ቷ አንድ ነገር ልበል፣ ሙያዬ ነውና ይቅር በሉኝ። 87 ከ50 አንፃር አንድ ተኩል እጥፍ ከምናምን ይመስላል አይደል? ኩርባ ላይ ግን ጎማው የሚሸከመው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። 1.74 በ1.74 ስታባዛው 3 ይመጣል። ማለትም ጎማዎችህን ካሰብከው ሶስት እጥፍ ነው የጠየቅካቸው። ይዘውህ ወጡ፣ ደረቅ አስፋልት ስለነበረ ነው። አሸዋ ወይ እርጥብ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጥያቄ የምትጽፈው ከአልጋ ላይ ነበር።

በሰዓት ኪሎሜትርን ወደ ሜትር በሰከንድ ለመቀየር ለ3.6 አካፍል። በ100 አንድ ሰከንድ 28 ሜትር ነው፣ በ140 ደግሞ 39። ጥሩ ጎማ፣ ደረቅ መንገድ፣ ጎበዝ ነጂ ሆነህ ከ100 ለመቆም ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 50 ሜትር ገደማ ትፈልጋለህ፣ ከ140 ወደ 100 ሜትር። እጅህ ፍሬኑን እስኪጨብጥ የምትሄደው አልተቆጠረም።

ነፋስ አውጣኝ፦

ታዲያ @መምህሩ ራስህ አልከው፣ በሰከንድ 28 ሜትር እየሄደ ቆጣሪ እያየ ከሆነ ያን ሁሉ ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው። እኔ ቆጣሪ አላይም፣ በስሜት ነው የምነዳው፣ አስር ዓመት ሆነኝ።

ሁለት ጎማ፦

@ነፋስ አውጣኝ አስር ዓመት በስሜት የነዳኸው የትኛውን ነው? ባለ 200 ሲሲውን ከሆነ እሱ ይነግርሃል፣ የሰው ጥያቄ ደግሞ ስለማይናገረው ነው። የ1000 ሲሲ ስፖርት ሞተር እኮ አንደኛ ማርሽ ብቻውን ከ140 በላይ ያደርስሃል፣ አንደኛ! ምን ስሜት ነው እዚያ ላይ የሚሠራው? ደግሞ ሰከንድ ሙሉ አፍጥጦ የሚያይ የለም። ጨረፍ አድርገህ ነው የምታየው፣ ያውም ፊትህ ባዶ ሲሆን። እኔ የፍጥነት ምልክት ባለፍኩ ቁጥር አንዴ አያለሁ፣ ምልክት ከሌለ ደግሞ ስፖኪዮ ባየሁ ቁጥር። ከስፖኪዮው ወደ ቆጣሪው፣ ከዚያ ወደ መንገዱ። አሁን ሳላስበው ነው የማደርገው።

ከኋላ የምቀመጠው፦

እኔ አልነዳም፣ ባለቤቴ ነው የሚነዳው። ግን ፍጥነቱን ከሱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የኋላ ወንበሩ ከፍ ስለሚል እሱ ከመስታወቱ ጀርባ ተከልሎ እኔ ንፋሱን በግንባሬ ነው የምቀበለው። 110 አካባቢ ሲደርስ ሄልሜቴን ወደ ኋላ የሚጎትተው ነገር አለ፣ አገጬ ስር ያለው ማሰሪያ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ አውቀዋለሁ።

በፊት ጀርባውን በቡጢ እመታ ነበር፣ እሱም ይደነግጥና ይናደዳል፣ ሁለታችንም ተኳርፈን እንደርሳለን። አሁን ተስማማን። ጭኑን አንዴ መታ ካደረግኩ «ቁጥሩን እይ» ማለት ነው፣ ቀንስ ማለት አይደለም። አይቶ ራሱ ይወስናል። አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፣ ወንድ ልጅ ካላዘዝከው ይሰማል 😅 አንተም ሰው የምትጭን ከሆነ ሞክረው።

ዙር ቆጣሪ፦

@ከኋላ የምቀመጠው ይሄ ከኔ ዙር ይሻላል እህቴ።

አንድ የረሳሁት፦ ሞተርህ የዝናብ ሞድ ካለው ለጊዜው እሱ ላይ አድርገው። ጋዙ ለስለስ ይላል፣ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ፍጥነትህን ግን አይነግርህም፣ በዝናብ ሞድም 140 መድረስ ይቻላል፣ ቀስ ብለህ ትደርሳለህ እንጂ።

መምህሩ፦

ሌላም አለ። የአንተን ፍጥነት አንተ ብቻ አይደለህም የምትስተው። ሞተር ከፊት ሲታይ ቀጭን ነው፣ ቀጭን ነገር ደግሞ ሩቅ ይመስላል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባለመኪና «ገና ነው» ብሎ ይገባብሃል። 60 እንደሚሄድ ሞተር ቆጥሮህ አንተ 100 ከሆንክ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ የሚወድቀው ግን አንተ ነህ።

ከትንሹ ወደ ትልቁ፦

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ቃል ስለገባሁ።

ጥርሱን ቆጠርኩ፣ የፋብሪካው ነው፣ አልተነካም። በጂፒኤስም አስተያየሁት፣ ቆጣሪዬ 100 ሲል እውነቱ 94 ነው፣ እንግዲህ ጋሼ እንዳሉት ነው። ዙር ቆጣሪው ላይ 5 ሺህ የምትለዋ ጋ ቀይ ፕላስተር በቀጭኑ ለጠፍኩ፣ በስድስተኛ 120 አካባቢ ማለት ናት። ፕላስተሯ ለዓይን አታምርም ግን ዓይኔ ጠርዝ ላይ ትታየኛለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማርሽ መቀየሪያ የምትጠቁመዋ መብራት ዙሯ እንደሚስተካከል አወቅኩና እሷንም 5 ሺህ ላይ አደረግኳት። ብልጭ ስትል አያለሁ።

ሲነጋ ባዶ መንገድ ላይ ሌላ ሙከራ አደረግኩ። ቆጣሪውን ሳላይ «አሁን 60 ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ አያለሁ። የመጀመሪያ ቀን 60 ያልኩት 82 ነበር፣ ትናንት 66። ያው መውጫ ላይም ሶስት ጊዜ ሄድኩ፣ ቀጥታው ላይ ሁለት ማርሽ ቀንሼ። በ50 ሲገባ እንዴት ሰፊ ኩርባ ነው!

ያልተፈታልኝ ማታ ነው። ጨለማ ላይ ግምቴ ሁሉ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ትናንት ማታ 60 ያልኩት 79 ሆኖ አገኘሁት። ለምንድን ነው?

ጋሽ ካቴና፦

ጎበዝ። ማታ የሚጠፋው የዳር ነገር ነው። ቀን ላይ ፍጥነት የሚሰማህ ዛፉ፣ አጥሩ፣ ድንጋዩ በጎንህ ሲሮጥ ነው፣ ማታ መብራትህ የሚያሳይህ ፊት ለፊት ያለችውን ቁራጭ አስፋልት ብቻ ናት፣ እሷም ከአንተ ጋር ስለምትሄድ የቆምክ ይመስልሃል። ስለዚህ ማታ መገመቱን ተወው፣ ጨዋታውን ለቀን አቆየው። ዙሩንና ቁጥሩን ብቻ እመን፣ ማርሽህንም አንድ ዝቅ አድርገህ ያዝ። የዳሽቦርዱንም ብርሃን ቀንሰው፣ በጣም ከበራ ቁጥሩን አይተህ ቀና ስትል መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ይጨልምብሃል።