በኤጀንሲ የመጡ የጽዳት ሠራተኞች ቆሻሻ ለይተው እንዲያወጡ እንዴት ማበረታታት ይቻላል?

ጠያቂ (የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፣ አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ቦሌ አካባቢ የሚገኝ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሲሆን፣ 14 የጽዳትና 6 የጥበቃ ሠራተኞች በኤጀንሲ በኩል ይመጡልናል። ባለፈው ዓመት በየፎቁ ለወረቀት፣ ለፕላስቲክና ለምግብ ትራፊ ቀለማቸው የተለያየ ሦስት ሦስት ቅርጫቶች አስቀምጠን፣ የግማሽ ቀን ሥልጠናም ሰጥተን ነበር። ሆኖም አንድ ማለዳ ደረጃው ሥር ቆሜ ስመለከት ሦስቱም ቅርጫቶች አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገለበጡ አየሁ። በረኪናም ያለ ልክ ይፈስሳል። ስናገራቸው «አሠሪያችን ኤጀንሲው ነው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መቅጣት አልፈልግም፤ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ?

መልስ 1 (የኤጀንሲ ሱፐርቫይዘር)፦

በቅድሚያ ውላችሁን ቢያነቡት ጥሩ ነው። እኔ ባየኋቸው ውሎች ላይ የሠራተኛው ብዛት፣ የሥራው ሰዓትና የወለሉ ስፋት እንጂ ቆሻሻ መለየት የሚባል ነገር ተጽፎ አላገኘሁም፤ ስለዚህ እኛም ሠራተኛዋን የምንመዝናት ቢሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ጸድቶ መጠናቀቁን አይተን ብቻ ነው። ለመለየት የሚወስደው ጊዜ ከእረፍቷ ይነሣል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሠራተኛ ስለምናዘዋውር፣ ያሠለጠኗቸው ሰዎች ዛሬ ሌላ ሕንፃ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

የበረኪናውን ነገር ግን ቀላል አድርገው አይዩት። መለኪያ ሳይሰጡ «በልክ ተጠቀሙ» ማለት ዋጋ የለውም። ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣው ቢነግሯቸው፣ ስለ ወንዝ ብክለት ከሚደረግ ንግግር ይልቅ ፈጥኖ ይገባቸዋል፤ ጋዙን የሚተነፍሱት እነሱ ናቸውና። ጓንትና ጭንብልም መኖሩን ያረጋግጡ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ ኤጀንሲውን መጠየቅ ይችላሉ።

መልስ 2 (የቀድሞ የጽዳት ሠራተኛ)፦

ወንድሜ፣ እኔ በጽዳት ሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ቆሻሻ መለየትንም ከማንም ሥልጠና አልተማርኩትም። ሃይላንዱን ክዳኑን ፈትቼ፣ በእግሬ ረግጬ አሳጥፌ ማዳበሪያ ውስጥ አጠራቅምና ለቆራሌው እሸጥ ነበር፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የታክሲዬን ይሸፍንልኝ ነበር። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ባለ ቀለም ቅርጫት አምጥቶ «ከእንግዲህ የፕላስቲኩ ሽያጭ ለተቋሙ ገቢ ይሆናል» ሲለን፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የምለይበት ምክንያት አጣሁ። ለይተን ያወጣነውንም የሚያነሡት ልጆች ጋሪያቸው ላይ መልሰው ሲደባልቁት በዓይኔ አይቻለሁ። እባክዎ መጀመሪያ የእናንተ ሃይላንድ ማን እጅ እንደሚገባ ያጣሩ።

ጠያቂ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ አጣራሁ። ለካ የሃይላንዱ ሽያጭ ወደ ሠራተኞች ክበብ ገብቶ ለበዓል ዝግጅት ይውላል፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ግን ቋሚ ስላልሆኑ የክበቡ አባል አይደሉም። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ እንዲሆን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ውሉ ሲታደስም ለመለየት የሚሆን ጊዜ ከነክፍያው እንዲካተት እጠይቃለሁ።

መልስ 3፦

የጥበቃ ሠራተኞቹንም ያስቡ። ማታ ከስብሰባ አዳራሹ የሚወጣውን ሃይላንድ የሚሰበስቡት እነሱ ከሆኑ፣ ሳይጠየቁ ለጽዳቶቹ ብቻ ከተሰጠ ጠብ ይነሣል። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ አስቀምጠው ክፍፍሉን ራሳቸው እንዲወስኑ ያድርጉ።