«ሁሉንም ኮርስ የወሰዱ» የሚለውን በሪሌሽናል አልጀብራ እንዴት ልጻፈው?

ሰላም ወገኖች፣ ዳታቤዝ የምትችሉ እስቲ ተባበሩኝ።

ሦስት ቴብሎች አሉኝ፦ ተማሪ፣ ኮርስ እና ምዝገባ። ምዝገባ የያዘው የተማሪ መለያና የኮርስ ኮድ ብቻ ነው። ጥያቄው «ሁሉንም ኮርስ የወሰዱ ተማሪዎችን አውጣ» ይላል። በኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) በሁለት ኖት ኤግዚስትስ («እንዲህ ያለ ረድፍ የለም» የሚል ማጣሪያ) ጻፍኩት፣ ይሠራል። ወደ ሪሌሽናል አልጀብራ (ቴብሎችን በሒሳብ ምልክቶች የምናሰላበት ዘዴ) ሲመጣ፣ ሴሌክትን ወደ ፓይ (ዓምድ መምረጫ)፣ ዌርን ወደ ሲግማ (ረድፍ ማጣሪያ) መቀየር ቀላል ነው። ይሄኛው ግን ራስ ያዞራል።

ዲቪዥን (ይህንኑ «ሁሉንም» የሚለውን በአንድ ምልክት የሚሠራው) መጠቀም ደግሞ አይቻልም ተብለናል (ምን አለበት ቢፈቅዱልን!)። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። የተማሪ መለያዎችን ከኮርስ ኮዶች ጋር በካርቴዥያን ፕሮዳክት (እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በማጣመር) አባዛለሁ። ከዚያ ላይ ምዝገባን እቀንሳለሁ። የሚተርፈው «ማን የቱን አልወሰደም» የሚለው ነው። የእነዚያን መለያ በፓይ አውጥቼ ከሁሉም ተማሪ ላይ እቀንሳለሁ።

ግራ የገባኝ መነሻው ነው። መለያውን ከተማሪ ቴብል ልውሰድ ወይስ ከምዝገባ? ከተማሪ ከተነሳሁ፣ ኮርስ ቴብሉ ባዶ ቢሆን ኩዌሪዬ ሁሉንም ተማሪ ያወጣል። ከምዝገባ ከተነሳሁ ግን ምዝገባም ባዶ ስለሚሆን አንድም ሰው አይወጣም። ታዲያ ሁለቱ አንድ ናቸው ይባላል?

ደግሞ «የአንድ ዲፓርትመንት ኮርሶችን ብቻ» ቢባል፣ ሲግማውን ከማባዛቴ በፊት ኮርስ ላይ ባስገባው ይበቃል? ወይስ ምዝገባንም ማጣራት አለብኝ?