«አሪዞና ግዛት ከመሆኗ በፊት ግዛት ነበረች» — ማን ይፍታው?

አራሚዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ አሪዞና በረሃ የጥንት ታሪክ የተተረጎመ ጽሑፍ ሳርም ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አላሳልፍ አሉኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።
1) «አሪዞና በ1912 ግዛት ከመሆኗ በፊት ለ49 ዓመት ያህል ግዛት ነበረች።»
2) «አሜሪካ ከጊላ ወንዝ በስተ ደቡብ ያለውን በረሃ በ1854 ገዛች።»
አንደኛው ራሱን በራሱ ይበላል፤ እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን «ስቴት»፣ ሁለተኛውን «ቴሪቶሪ» ሲል አማርኛው ሁለቱንም ግዛት ብሏል። ሁለተኛው ደግሞ ከፍላ ነው ወይስ ጦር አስገብታ?

ቦይ ጠራጊ፦
ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ከፍላ ነው። ውሉ ሜክሲኮ ከተማ ላይ የተፈረመው ዲሴምበር 30 ቀን 1853 ነው። ዋጋው መጀመሪያ 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ1854 የአሜሪካ ሴኔት መሬቱንም ዋጋውንም ቀንሶ 10 ሚሊዮን አደረገው። 7ቱ ወዲያው፣ 3ቱ ድንበሩ ተለክቶ ሲያልቅ የሚከፈል። የተገዛው 76,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሄክታሩ 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ያህል ወጥቶበታል ማለት ነው። የተፈለገው ለባቡር ነው፤ ወደ ሰሜን ተራራው ስለሚያስቸግር ሐዲዱ በደቡቡ ሜዳ እንዲያልፍ። ባቡሩ በደቡብ አሪዞና ያለችው ቱሳን ከተማ የገባው ግን በ1880 ነው።
ከጊላ በስተ ሰሜን ያለው የተለየ ነው። እሱ በ1848 በጦርነት የተወሰደ ነው።

እንደ ወረደ፦
በጦርነቱ ማብቂያ ውልም 15 ሚሊዮን ተከፍሏል እኮ። ጉሮሮ አንቆ ሒሳብ መክፈል መግዛት ካልሆነ ሌላ ቃል አምጡ።

ዘዋሸራ፦
ቦይ ጠራጊ፣ «ቀላል ነው» ስትል ደነገጥኩ። የቃሉ ሥር ገዝአ ነው፤ ባለቤት ሆነ፣ ጌታ ሆነ ማለት። እግዚእ ከዚያ ነው፣ ግዝአትም ከዚያ ነው፤ አማርኛው አልፋዋን ውጦ ግዛት አለው። የገበያው ቃል በግእዝ ሌላ ነው፦ ሤጠ ሸጠ፣ ተሣየጠ ሸመተ። ስለዚህ «ገዛ» ሲባል ጌትነቱ ይቀድማል፤ ገንዘቡ የጌትነት መንገድ ሆኖ በኋላ የተጠጋ ነው። አራሚዋ የጠየቀችው ጥያቄ የአማርኛ ብቻ ችግር ነው፤ ግእዝ ላይ አይነሣም።

ነጠላ ሰረዝ፦
ግዛት ከግዝት ጋር አንድ አይደለም? መሬቱን ለሌላው ከለከለ፣ ገዘተ፣ ግዛት አደረገ። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማስበው።

ዘዋሸራ፦
አይደለም ወዳጄ። በግዝት ውስጥ ያለችው «ት» የሥሩ ናት፦ ገ-ዘ-ተ። በግዛት ውስጥ ያለችው ባዕድ መድረሻ ናት። ሰዋስው ቤት ይህን የሚስት ተማሪ ከደጅ ነው የሚመለሰው።

ነጠላ ሰረዝ፦
እሺ የኔታ። ግዞትስ?

ዘዋሸራ፦
እሱ ከጋዘ ነው፤ ተጋዘ፣ አጋዘ።

ቦይ ጠራጊ፦
ግዞትን ካነሣችሁ አይቀር፣ አሪዞና ውስጥ ዩማ ላይ የነበረው ወኅኒ በ1876 ተከፍቶ በ1909 እስኪዘጋ 3,069 እስረኛ አስተናግዷል፤ 29ኙ ሴቶች። መጠሪያው ራሱ «የግዛቱ ወኅኒ» ነው። ግዞት በግዛት ውስጥ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የሠሩትም እስረኞቹ ናቸው።

እንደ ወረደ፦
ሥሩን ተዉትና አጻጻፉን ልጠይቅ። ነጋዴው «ገዢ»፣ ባለሥልጣኑ «ገዥ» ተብለው ቢለዩ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። የ1853ቱን ውል ለአሜሪካ የተዋዋለው ጋድስደን ገዢ፣ በ1863 የመጀመሪያው ሹም ሆኖ የመጣው ጉድዊን ገዥ።

ዘዋሸራ፦
ይህ የጋዜጣ ቤት ፈጠራ ነው። ሁለቱም ከገዛ የወጡ፣ «ዚ» ወደ «ዥ» የለሰለሰበት አንድ ቃል ናቸው። «ገዥና ሻጭ» የሚል ነጋዴ መርካቶ ሞልቷል፤ ማንም ዘውድ ጭኖ አላየውም።

እንደ ወረደ፦
አንድ መሆናቸውን አልካድኩም። ለአንባቢ ይለዩ ነው የምለው።

ዘዋሸራ፦
ለአንባቢ ተብሎ ፊደል አይቆረጥም።

(እዚህ ላይ ስለ ዢ እና ዥ ብቻ 31 መልሶች ነበሩ፤ «ግእዝ» በአልፋ ወይስ በዐይን ይጻፍ ወደሚለው ሲሻገሩ ለብቻቸው ተዛውረዋል። — አስተናባሪ)

ማር ይስሐቅ ተርጓሚ፦
ወደ አንደኛው ልመለስ። የመጀመሪያው «ግዛት» ክፍለ ግዛት ይባል፤ ሁለተኛው ጠቅላይ ግዛት። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ሊንከን ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1863 ፈርሞ ከኒው ሜክሲኮ ከቆረጣት በኋላ የአሪዞናን ገዥ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር። ነዋሪው ለፕሬዚዳንት ድምፅ አይሰጥም። ወደ ኮንግረስ የሚልከው እንደራሴም መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት አይችልም። በእኛም በንጉሡ ዘመን የጠቅላይ ግዛት ገዥ ከማዕከል የሚሾም ነበር። ገጠመ።

እንደ ወረደ፦
አልገጠመም። የእኛው ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላ ነገር ለማደግ ወረፋ አልያዘም ነበር። አሪዞና ግን ተራ እየጠበቀች ነው የኖረችው። በ1906 ከኒው ሜክሲኮ ጋር ተደርባችሁ ግቡ ስትባል 16,265 ለ3,141 እምቢ አለች። በ1911 ደግሞ ዳኛን በሕዝብ ድምፅ የማውረድ አንቀጽ ሕገ መንግሥቷ ላይ ስላለ ፕሬዚዳንት ታፍት ውድቅ አደረገባት። አንቀጹን አውጥታ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1912 ገባች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ መልሳ አስገባችው። ይህ መጠበቅ በቃሉ ውስጥ ካልታየ ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። «ዕጩ ግዛት» ቢባልስ?

ነጠላ ሰረዝ፦
ዕጩ መነኩሴ ሰምቻለሁ፤ ዕጩ በረሃ አልሰማሁም።

ዘዋሸራ፦
ጥንቱን ከፈለጋችሁ ትክክለኛው ቃል ብሔር ነው። እግዚአ ብሔር፣ የአገሩ ጌታ። ብሔር መሬት እንጂ ሕዝብ አልነበረም። «ብሔረ አሪዞና» በሉት፣ ተገላገሉ።

አራሚዋ፦
አባ፣ «ብሔር» ብዬ ዛሬ ብጽፍ የሚመጣብኝን ያውቁታል።

ቦይ ጠራጊ፦
በዚህ ላይ ጽሑፍሽ «ምድረ በዳ» የሚል ከሆነ አውጪው። በዳ ከበድወ ነው፣ ባድማ ሆነ፣ ሰው አጣ ማለት። የጨው ወንዝ ሸለቆ፣ ዛሬ ፊኒክስ ያለችበት፣ ደረቅ ነው እንጂ በዳ አልነበረም። ከ450 ገደማ እስከ 1450 ገደማ እዚያ የኖሩት፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦኦድሃሞች «ሁሁጋም» የሚሏቸው አባቶች፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቦይ በእንጨትና በድንጋይ መሣሪያ ቆፍረዋል። ወንዙን በጭራሮና በድንጋይ ይጠልፉታል፤ ከዚያ ዋናው ቦይ፣ ከእሱ አከፋፋዩ፣ ከአከፋፋዩ ወደ ማሳ። ዋናው ቦይ አፉ ላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው በየማሳው እየተቀነሰ ሲሄድ የቦዩ ስፋት ካልተቀነሰ ፍጥነቱ ይወድቅና ደለል ይጥላል። ቁልቁለቱ ከበዛ ደግሞ ግድግዳውን ይሸረሽራል። ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ጠለፋው ነው፤ ጠለፋው ከሄደ ከታች ያለው ሁሉ ደረቅ ጉድጓድ ነው። በ1867 ስዊሊንግ የሚባል ሰው የመስኖ ኩባንያ አቋቁሞ ሥራ ሲጀምር እነዚያኑ አሮጌ ቦዮች ነበር የጠረገው። ከተማዋ ከአመዷ የምትነሣውን ወፍ ስም ያገኘችው በዚህ ነው።

ማር ይስሐቅ ተርጓሚ፦
በግእዙስ ቢሆን ምድረ በዳው ገዳም አይደል? አራዊተ ገዳም የዱር አራዊት ናቸው። «የአሪዞና ገዳም» ቢባል ስሕተት የለበትም።

አራሚዋ፦
ጽሑፉ ላይ በ1692 ኪኖ የመሠረተውን ሳን ሃቪየርን «ገዳም» ብለውታል። ሁለቱም ገዳም ከሆኑ አለቀልኝ።

ዘዋሸራ፦
እሱ ሚሲዮን ነው። ኪኖ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰው ነው፤ እነዚያ ሊሰብኩ እንጂ ሊመንኑ አይወጡም።

ነጠላ ሰረዝ፦
አሪዞና ራሱ ምን ማለት ነው? ከስፓኝ «አሪዳ ሶና»፣ ደረቅ አገር ይባላል።

ቦይ ጠራጊ፦
እሱ የእናንተ የግዝት ዓይነት ነው። ስሙ የታወቀው በ1736 ከዛሬው ድንበር ትንሽ ወደ ደቡብ ብር ሲገኝ፣ አጠገቡ ከነበረ ቦታ ስም ተነሥቶ ነው። ክርክሩ በሁለት ወገን ነው፦ ከኦኦድሃም «አሊ ሾናክ»፣ ትንሽ ምንጭ፤ ወይም ከባስክ «አሪትስ ኦና»፣ ደጉ ዋርካ በሉት፣ ዛፉ ሌላ ቢሆንም። ባስኮች በዚያ አካባቢ ብዙ ስለነበሩ ሁለተኛው ተራ ግምት አይደለም። ደረቅ አገር የሚለው ግን ከቤት የተሠራ ነው፤ ስፓኝኛ ቢሆን «ሶና አሪዳ» ነበር የሚለው።

እንደ ወረደ፦
አሁን «ገዛ» ገባኝ። በ1854 ከዚያ በረሃ አብዛኛው በአፓቼዎች እጅ ነበር፤ ሜክሲኮ ከቱሳንና ከቱባክ ምሽግ ብዙም አልፋ አታዝም። ውሉ ሲፈረም ደግሞ ኦኦድሃሞችን ማንም አልጠየቃቸውም፤ መስመሩ አገራቸውን ለሁለት ከፍሎ አለፈ። እንግዲህ ሜክሲኮ ያልገዛችውን ሸጠች። አሜሪካም ገዛች እንጂ አልገዛችም። የአፓቼው ተዋጊ ጀሮኒሞ እጁን የሰጠው በ1886 ነው፤ ከግዢ እስከ መግዛት 32 ዓመት።

ዘዋሸራ፦
ይህ ቅኔ ነው። ሰሙ ገበያ፣ ወርቁ ዙፋን። ስለ ዢው የተናገርኩትን ግን አላነሣም።

አራሚዋ፦
አስቀምጬዋለሁ፤ ሁለተኛው «በገንዘብ ገዛች» ይሆናል። አንደኛው ግን እንዳለ ነው፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። «ቴሪቶሪ» ብዬ ልተወው?

ማር ይስሐቅ ተርጓሚ፦
ተዪው። ከላቲን ቴራ ነው፣ መሬት። ንጹሕ ቃል።

ዘዋሸራ፦
ማን ነው ንጹሕ ያለው? የሮማው የሕግ ሊቅ ፖምፖኒዩስ ከቴሬሬ ነው የሚሉ አሉ ይላል፤ ማስፈራራት። ሹሙ በወሰኑ ውስጥ እያስፈራራ የሚያባርርበት አገር።

ነጠላ ሰረዝ፦
«አሪዞና ግዛት ከመሆኗ በፊት ማስፈራሪያ ነበረች።» ይታተም።

እንደ ወረደ፦
ቴሬሬ በአንድ «ሬ» ነው በሁለት?