ኤም ዋን ጋራንድ ቀለህ እየነከሰ አስቸገረ፤ ዘይት ነው ግሪስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። መሣሪያው በ1943 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ኤም ዋን ጋራንድ (የድሮ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ) ሲሆን ለረጅም ጊዜ ሳይተኮስበት የቆየ ነው። ፈትቼ ጋዝ ሲሊንደሩን (ከበርሜሉ ሥር የባሩድ ጋዝ ፒስተኑን የሚገፋበትን ቱቦ) ጨምሮ ሁሉንም በቀጭን የጠመንጃ ዘይት ቀባሁት። አራት አምስት ጥይት ደህና ይተኩስና ከዚያ ቃታው (ምላጩ ሳይሆን፣ ጥይት አጉርሶ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት) እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳይሄድ ተመልሶ ቀለሁን ይነክሳል። ጥይቱ የድሮ የጦር ሠራዊት ነው።

ዝናር፦ ከመፍታትህ በፊት ቃታውን ከፍተህ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ቃታው ሲዘጋ አውራ ጣት እንዳይቀረጥፍ የቀኝ እጅህን መዳፍ የዘንጉ (ጋዙ ሲገፋው ቃታውን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ብረት) እጀታ ላይ ደግፍ።

ይህ መሣሪያ የግሪስ ነው። ቀጭን ዘይት በሙቀት ይሸሻል፣ ዝናብም ያጥበዋል። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ይዞት በዘመተበት ጊዜ ግሪስ በትንሽ ዕቃ ሆኖ ሰደፉ ውስጥ የሚቀመጠው ለዚሁ ነበር። ዋናው ቦታ የቃታው የቀኝ ጆሮ የሚገባበት የዘንጉ ጉብታ ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ነው፤ እዚያ ደረቅ ከሆነ ብረት ብረትን ይበላል። ቀጥሎ ሁለቱ የቃታ ጆሮዎች፣ በስተቀኝ ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቦይ፣ መዶሻው ቃታውን ከሥር የሚያሽበት፣ ዘንጉ በርሜሉን ከታች የሚነካበት። በየቦታው የስንዴ ቅንጣት ታህል በቂ ናት። ከበዛ ፊትህ ላይ ይረጫል፣ አቧራም ይሰበስባል።

የጓሮ መካኒክ፦ የመኪና ጎማ ግሪስም ይሠራል፤ ልዩ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ውርጭ ላይ ግን ይጠጥራል፤ ያኔ ስስ ዘይት ይሻላል።

ሞላ፦ ግሪሱ ልክ ነው፤ የዚህ ጥፋት ግን እሱ አይመስለኝም። ጋዝ ሲሊንደርና ፒስተን ደረቅ መሆን አለባቸው! የተቀባው ዘይት ከባሩዱ ጋር ተቃጥሎ ጥላሸት ይሆናል፣ ፒስተኑንም ይይዘዋል። አራት አምስት ጥይት ተኩሶ መክበዱ ይህንኑ ይመስላል። አፈሙዝ በኩል ያለውን ቡሎን ፈትተህ ሲሊንደሩን አውጣና በማሟሟያና በብሩሽ አጽዳ። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፤ የፒስተኑ ጫፍ ውፍረት 0.526 ኢንች አካባቢ ነው፣ ከ0.525 ከወረደ ጋዝ ስለሚያሳልፍ ይቀየራል።

የዘንጉን ሞላም ለካው። ነጻ ሆኖ ሲዘረጋ ከ19¾ እስከ 20¼ ኢንች ሊሆን ይገባል፤ ካጠረ ቀይረው፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ከዚያ ሞላውን ሳትከት ዘንጉንና ቃታውን ብቻ ገጥመህ አፈሙዙን ወደ ላይ አዘንብል፤ ቃታው በክብደቱ ብቻ መከፈት፣ ወደ ታች ስታዘነብል መዘጋት አለበት። እንጨቱ ሲገጠም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዘንጉ እንጨቱን እየፋቀ ነው። የሚያብለጨልጨውን ቦታ ፈልገህ ትንሽ ፋቅለት።

ዝናር፦ ሲሊንደሩን ትክክል ብለሃል፣ እኔ ዘለልኩት።

ባሩድ፦ ስለ ጥይቱ ማንም አላነሳም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ የአሜሪካ ጦር ጥይት በአብዛኛው ፈንጂ ቆቡ (ከቀለሁ ሥር ተመትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ጨው ያስቀራል፤ ጨዉ እርጥበት ስቦ በርሜሉን በአጭር ጊዜ ያዝገዋል። ዘይት አያሟሟውም፣ ውኃ ነው የሚያጥበው። በተኮስክበት ቀን ሙቅ ውኃ በበርሜሉ አሳልፍ፣ ሲሊንደሩንና ፒስተኑንም እጠብ፣ በደንብ አድርቅና በርሜሉን ብቻ ስስ ዘይት ቀባ። ከመተኮስህ በፊት ያንን ዘይት ጥረገው። በርሜሉ የሚወለወለው በአፈሙዝ በኩል ስለሆነ የመወልወያው ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይበላው መከላከያ አድርግበት። መሣሪያውን ገልብጠህ ያዝ፤ የጋዝ ቀዳዳው ከሥር ስለሆነ ካልገለበጥከው ማሟሟያው ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል።

አዲስ ጥይት ስትገዛ እርሳሱ 150 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) የሚመዝን ይበቃሃል። ከባድ እርሳስና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ቀዳዳው ጋ ያለውን ግፊት ጨምሮ ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ ዘንግ ደግሞ እንደ ሞላ ርካሽ አይደለም።

ጠያቂ፦ በእያንዳንዱ ተኩስ ሙሉ በሙሉ ልፍታው?

ሞላ፦ አትፍታው። እንጨቱ በተደጋጋሚ ሲወጣ ይላላና ኢላማ ያስታል። ቃታውን ከፍተህ ከላይ ጥረግ፣ ግሪሱን አድስ። ጨው ባለው ጥይት ከተኮስክ ግን ሲሊንደሩ የግድ ይወጣል፤ ለእሱ እንጨቱን መንካት አያስፈልግም።