የአደን ጥይት ለምትሞሉ፦ ቀለህ ማጥበቢያው የቱ ይሻላል?

«አንገቱን ብቻ ላጥብብ ወይስ ቀለሁን በሙሉ?» ጥይት በራሱ እጅ መልሶ መሙላት የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳያነሳ አይቀርም። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለአደን ከሆነ ሙሉውን ቀለህ የሚያጠብ ዳይ፣ ማለትም ቀለሁ ተገፍቶ ሲገባበት የሚያጠበውን የብረት ቅርጽ ማውጫ ግዙ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ በካሊፐር (ጥቃቅን ልኬት በሚያነብ መለኪያ) እየለካችሁ አስተካክሉት። ዋናው ሥራ ማስተካከሉ ላይ ነው።

ጥይት ሲተኮስ የቀለሁ ናስ በግፊት ያብጥና የጠመንጃውን ማጉረሻ፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል ቅርጽ ይይዛል። ግፊቱ ሲያልፍ ትንሽ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ድሮ ልኩ አይመለስም። አንገቱ ስለሚሰፋ አዲስ አረር አጥብቆ አይዝም። ትከሻውም፣ ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ፣ ወደፊት ይገፋል። ማጥበብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አንገት ብቻ የሚያጠብ ዳይ ወዳጆች አሉት። ናሱ ብዙ ስለማይንገላታ ቀለሁ ለዚያ ጠመንጃ በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ የምወደው ሊ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኮሌት ዳይ ነው። አንገቱን ዙሪያውን ይጨብጥና መሃል ላይ ባለ ዘንግ ላይ ይጨምቀዋል። አንገቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቅባትም አያስፈልገውም። ኢላማ ላይ ተረጋግቶ ለሚተኩስ ሰው ግሩም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከጥቂት ተኩስ በኋላ ነው። ገላውና ትከሻው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያደጉ ማጉረሻውን ይሞሉታል። አንድ ቀን መዝጊያው አልዘጋ ይላችኋል። ኢላማ ሜዳ ላይ ቢሆን ሳቅ ብለን እናልፈዋለን። የቆሰለ እንስሳ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ፣ ሁለተኛው ጥይት አልጎርስ ሲል ግን ሌላ ነገር ነው። አቧራና ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ አታንሱት። በዚያ ላይ ያ ጥይት ተመሳሳይ ካሊበር ባለው ሌላ ጠመንጃ ላይገባ ይችላል።

ወደ ሙሉው ዳይ እንምጣ። አብሮ የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ «ዳዩን የቀለህ መያዣውን እስኪነካ አውርድ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምርበት» ይላል። ይህ ለሁሉም ጠመንጃ እንዲሆን የተጻፈ ነው። የእናንተ ማጉረሻ ረዘም ያለ ከሆነ ትከሻው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይገፋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ተኩስ የቀለሁ ፊት ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ግርጌው ወደ ኋላ ይሳባል። ናሱ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካያችሁ ቀለሁ ሊቆረጥ ነው ማለት ነው። የወረቀት መያዣ ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ የውስጡን ግድግዳ ዳብሱ። ጉድጓድ ከያዘባችሁ ጣሉት፤ አንዱ ቀለህ እንዲህ ከሆነ አብረውት የተተኮሱትንም ፈትሹ።

ታዲያ እንዴት ይስተካከል? የተተኮሰውን ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) መጀመሪያ አውጡ፣ ወጣ ብሎ ከቀረ ልኬቱን ያዛባል። ካሊፐር ላይ የሚገጠም የትከሻ መለኪያ ያስፈልጋችኋል፤ የሆርናዲው ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የምትለኩት በዚያው ጠመንጃ ሁለት ሦስት ጊዜ የተተኮሰና አሁን መዝጊያው ላይ ጠበቅ የሚል ቀለህ ይሁን። ዳዩን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩና ቀስ በቀስ አውርዱ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ይጨምራል። አትደንግጡ፣ ገላው ሲጨመቅ ትከሻው ወደፊት ስለሚሸሽ ነው። ከዚያ መቀነስ ይጀምራል። በእጅ ለሚጎተት መዝጊያ መጀመሪያ ከለካችሁት ቁጥር 0.002 ኢንች ያህል፣ ማለትም 0.05 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ አቁሙ። በራሱ ለሚያጎርስ ጠመንጃ 0.003 ወይም 0.004 ኢንች ይሻላል።

የተለመደው ዳይ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ያወርደዋል፣ የምንፈልገው 0.05 ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። «ትንሽ ጨምርበት» ሲባል ሩብ ዙር ብትጨምሩ የት እንደምትደርሱ አስቡት። ይህ ማዞር የሚያሰለቸው ሰው የሬዲንግን አምስት የቀለህ መያዣዎች ስብስብ ይመልከት። ቁመታቸው በ0.002 ኢንች ይለያያል፣ ዳዩን ሳይነካ መያዣውን ብቻ እየቀየረ ይሠራል።

ሙሉው ዳይ ውስጥ ያለው የአንገት ማስፊያ ኳስ ሲወጣ አንገቱን ሊያጣምመው ይችላል። የአንገቱን ውስጥ በብሩሽ ትንሽ ቅባት ማስነካት ይረዳል። ፎርስተር ኳሱን ከፍ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው አንገቱ ገና በዳዩ እንደተደገፈ ያልፋል፤ አንድ ዳይ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ይህን እጠቁማለሁ። ቡሺንግ (አንገቱን የሚያጠብ ቀለበት) የሚቀየርባቸው፣ እንደ ሬዲንግ ታይፕ ኤስ ያሉት፣ አንገቱ ምን ያህል እንደሚጠብ ያስመርጣሉ። አረር የተገጠመበትን አንገት ለክቶ 0.002 ኢንች የሚያንስ ቡሺንግ መውሰድ የተለመደ ነው። ጥሩ ናቸው፣ ግን ለአደን ቅንጦት ይመስሉኛል። ሌላው መንገድ ገላና ትከሻውን አንገቱን በማይነካው በሬዲንግ ቦዲ ዳይ፣ አንገቱን በሊ ኮሌት መሥራት ነው። ሁለት ጊዜ ፕሬስ (ዳዩ የሚገጠምበትን ማሽን) መሳብ ለማይታክተው ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ግርጌውን ከተለመደው አብልጦ የሚያጠበውን ስሞል ቤዝ የሚባለውን ዳይ ግን ሙሉው ዳይ አልበቃ ካላለ በቀር አትንኩት።

ግርጌያቸው ላይ ቀበቶ ያላቸው እንደ .300 ዊንቸስተር ማግነም ያሉትን ደግሞ በትከሻቸው ለኩ። ቀበቶውን ብቻ አምኖ ትከሻውን በየጊዜው መግፋት ቀለሁን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ቅባት። አንድ ምሽት እያወራሁ አንድ ቀለህ ሳልቀባ ከተትኩ። ተጣበቀ፤ ስስበው ግርጌው ተገንጥሎ ገላው ዳዩ ውስጥ ቀረ። በድሪል በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼ፣ በብሎን ጎትቼ ነው የተገላገልኩት። ጥፋቱ የኔው ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢምፔሪያል ሰም በጣት እቀባለሁ፣ ስስ አድርጌ። ሲበዛ ደግሞ ትከሻውን ያሰረጉደዋል። ለሽጉጥ የሚሠራው ካርባይድ ዳይ ያለ ቅባት ይሠራል ብላችሁ ለጠመንጃ ቀለህ እንዳትሞክሩት።

አጥብቤ ከጨረስኩ በኋላ፣ ካፕሱልም ባሩድም ሳይገባ፣ እያንዳንዱን ባዶ ቀለህ አጉርሼ መዝጊያውን እዘጋለሁ። ያንገራገረው ለአደን አይሄድም፣ የልምምድ ሳጥን ውስጥ ይገባል።